ማትስ በኦንላይን ሳስጠና ልጆቹ "ገባኝ" ይላሉ ግን አልገባቸውም፣ እንዴት ነው ሚታወቀው? (ሀዋሳ)

የታቦር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነኝ፣ ማትስ ነው የተመረቅኩት፣ እስካሁን ቤት ለቤት ነበር ማስጠናው። ከአቶቴ ሪፈራል፣ ከሪፈራል መናኸሪያ፣ ከሰዓት በኋላዬ ባጃጅ ላይ ያልቃል፣ ሂሳቡም ከማገኘው ላይ ብዙ ይቆርጣል። ስለዚህ ዘንድሮ የ12 ናቹራል ልጆችና ጥቂት ፍሬሽማኖች ይዤ በኦንላይን ጀመርኩ፣ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንተግራል፣ ለፍሬሽማኖቹ ደሞ የመጀመሪያ ሴሚስተሩ የናቹራል ሳይንስ ማትስ።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ እኔ ስክሪኑ ላይ እየጻፍኩ አስረዳለሁ፣ እነሱ ካሜራም ማይክም ዘግተዋል፣ "ገባችሁ?" ስል "አዎ ቲቸር" ብለው ይጽፉልኛል፣ በማግስቱ ቁጥሩን ብቻ ቀይሬ ያንኑ ጥያቄ ስሰጣቸው ባዶ ነው። ቤታቸው ሄጄ ከጎናቸው ስቀመጥ እስክሪብቶው የት ጋ እንደቆመ አያለሁ፣ እዛው ላይ ይዤ እጠይቃለሁ፣ በኦንላይን ግን ያ ነገር የለም። የልጆቹ ቤተሰብ ከኪሱ አውጥቶ ነው ሚከፍለኝ፣ እኔም እንዲያልፉ እፈልጋለሁ፣ ዝም ብሎ ሰዓት መሙላት አልፈልግም።

እና ልምድ ያላችሁ፣ እንደገባቸው በምን ነው ምታውቁት? መጻፊያ ታብሌት ልግዛ ወይስ ይቅር? በግሩፕ ይሻላል ወይስ ለየብቻ? ዋጋስ ስንት ትላላችሁ፣ እኔ አሁን በሰዓት 250 ነው ምቀበለው።

ሀይቅ ዳር፦

ታብሌቱን ለጊዜው ተወው፣ ብሩን ለዳታ አድርገው። እኔ ፊዚክስ ነው ማስጠናው ግን የቴክኒኩ ነገር አንድ ነው። ነጻው ዙም በ40 ደቂቃ ይቆርጥሃል፣ ጉግል ሚት ለሁለት ሰው ከሆነ እንደዛ አይቸኩልም። ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮውን አጥፉና በቴሌግራም ቮይስ ኮል እየተነጋገራችሁ ፎቶ ተላላኩ፣ ድምጽ ትንሽ ዳታ ነው ሚበላው። መብራት ሚጠፋበት ሰፈር ያለ ልጅ ካለህ ከወዲሁ ተነጋገሩ፣ ቢቋረጥ ሂሳቡ ለሌላ ቀን ይተላለፋል ወይስ ይቃጠላል ሚለውን፣ በኋላ ከወላጅ ጋር ቅር እንዳትባባሉ። ክፍያ በቴሌብር ወሩ ሲጀምር ተቀበል፣ በየቀኑ ሂሳብ መጠየቅ ለአንተም ለነሱም ደስ አይልም። ዋጋው ለአንድ ለአንድ ከሆነ አያንስም አይበዛም፣ ባጃጁ ስለቀረልህ እዛው አቆየው።

መምህርት ከአዳማ፦

ሰላም ወንድሜ የታቦር ልጅ። እኔ አዳማ ሁለተኛ ደረጃ ማትስ አስተምራለሁ፣ ማታ ማታ ደሞ በኦንላይን አስጠናለሁ። ብዙ ሰው ሲጀምር ሚጠይቀው የትኛው አፕ ይሻላል ብሎ ነው፣ አንተ ግን ልጁ እንደገባው በምን ልወቅ ብለህ ስለጠየቅህ ደስ ብሎኝ ነው ረዘም አድርጌ ምጽፍልህ።

"ገባችሁ?" ማለቱን ከዛሬ ጀምሮ ተወው፣ መልሱ ሁሌ አዎ ነው። ካሜራውን ደሞ ፊታቸው ላይ ሳይሆን ደብተራቸው ላይ አድርገው፣ አብዛኞቹ ፊታቸውን ማሳየት ነው እንጂ ሚያፍሩት ደብተር ሲባሉ እሺ ይላሉ። እንዲህ ነው ሚደረገው፣ ወፈር ወፈር ያሉ መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ይደራርቡ፣ ስልኩን ከላይ አድርገው ካሜራ ያለበትን በኩል ወደ ውጭ አስወጥተው የኋላው ካሜራ ቁልቁል ደብተሩን እንዲያይ ያድርጉት፣ እንዳይወድቅ ሌላ መጽሐፍ ይጫኑበት። በቀኝ ሚጽፍ ልጅ ከሆነ መብራቱ በግራው ይሁን፣ አለዚያ የእጁ ጥላ ጽሑፉን ይሸፍነዋል። ከዛ እነሱ ይጻፉ፣ አንተ እይ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ይከብድሃል፣ ቶሎ ገብተህ ልታርም ትፈልጋለህ፣ አትግባ።

ለምን እንደዚህ እንደምል አንድ ነገር ላሳይህ። አንድ የ12 ልጅ ዴሪቬቲቭ ፈጽሞ አልገባኝም ብላ መጣች። እስቲ የኤክስ²ን ዴሪቬቲቭ ከደፊኒሽኑ ተነስተሽ ስሪልኝ አልኳት። (ኤክስ + ኤች)² ሲቀነስ ኤክስ²፣ ኦቨር ኤች፣ ኤች ወደ ዜሮ ሲሄድ፣ ፎርሙላውን አንድም ሳትስት ጻፈችው። ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ግን (ኤክስ + ኤች)²ን ኤክስ² + ኤች² ብላ ዘረጋችው። ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ኤክስ² ከኤክስ² ተጣፋ፣ ኤች² ኦቨር ኤች ኤች ሆነ፣ ኤች ወደ ዜሮ ሲሄድ መልሱ ዜሮ። "ቲቸር መልሱ 2ኤክስ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ስሰራው ሁሌ ዜሮ ነው ሚመጣልኝ፣ ለዛ ነው ካልኩለስ አይሆነኝም ምለው" አለችኝ። አየህ፣ ልጅቷ ሊሚት ገብቷታል፣ ዴሪቬቲቭም ገብቷታል፣ የጠፋችው 2ኤክስኤች ምትባለዋ መሀል ላይ ያለችው ናት፣ እሷ ደሞ የታችኛው ክፍል አልጀብራ ናት። ደብተሯን ባላይ ኖሮ ስለ ሊሚት እንደገና ከሀ ጀምሬ አስረዳት ነበር፣ እሷም "ገባኝ ቲቸር" ትለኝ ነበር።

እዛው ቁጭ ብላ በቁጥር አሰራኋት። ኤክስ 3 ሲሆን 9፣ 3.1 ሲሆን 9.61፣ ልዩነቱ 0.61፣ ለ0.1 ሲካፈል 6.1። 3.01 ላይ ደሞ 9.0601፣ ልዩነቱ ለ0.01 ሲካፈል 6.01። "ወደ 6 እየሄደ ነው" ያለችው ራሷ ናት። ታዲያ ዜሮው ከየት መጣ ስላት ወደ ላይ ተመልሳ መስመር በመስመር መፈተሽ ጀመረች፣ ስህተቷን እኔ ሳልነካው ራሷ አገኘችው። እንዲህ ያለ ቀን ነው ልጁ ሚለወጠው እመነኝ።

ስለዚህ አዲስ ተማሪ ሲመጣልኝ የመጀመሪያው ቀን ካልኩለስ ሚባል አልነካም። ኤክስ² = 5ኤክስ ፍታልኝ እላለሁ፣ አብዛኛው ሁለቱንም ጎን በኤክስ አካፍሎ 5 ይልና ዜሮዋን ይጥላታል። የ(ኤክስ² + 16) ስኩዌር ሩት ስላቸው ኤክስ + 4 ይላሉ፣ እንግዲህ ኤክስን 3 አድርገህ ሞክረው በለው፣ የ25 ስኩዌር ሩት 5 ነው፣ በሱ አካሄድ ግን 7 ይወጣል፣ ራሱ ይደነግጣል። 1 ኦቨር ኤክስ ሲደመር 1 ኦቨር ዋይ ስትል 2 ኦቨር (ኤክስ + ዋይ) ሚልህ አታጣም። እነዚህን ደብተሩ ላይ ሲሰራ አይቼ ነው የወሩን ፕሮግራም ማወጣው። ለፍሬሽማኖቹም ያው ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ገቡ ማለት ይሄ ነገር ተስተካከለ ማለት አደለም።

ግሩፕ ካልክ ከአራት አይብለጥ ባይ ነኝ፣ ከዛ በላይ ከሆነ ደብተራቸውን ማየት አትችልም፣ ማየት ካልቻልክ ደሞ ቪዲዮ ቀርጸህ ብትልክላቸው ይቀላል።

ናቹራል 12፦

እኔ ተማሪ ነኝ፣ ሀዋሳ፣ ዘንድሮ ነው ምፈተነው። ለምን ገባኝ እንደምንል ከኛ በኩል ልንገራችሁ።

አንደኛ ቤት ውስጥ ሰው አለ። ማይክ ከፍቼ አልገባኝም ካልኩ እናቴ ትሰማለች፣ "ይሄ ሁሉ ብር ተከፍሎ እንዴት አልገባሽም" ትለኛለች፣ ስለዚህ በጽሑፍ አዎ ማለት ይቀለኛል። በግሩፕ ከሆነ ደሞ ሌሎቹ ዝም ሲሉ እኔ ብቻ ነኝ ደደቧ ብዬ አስባለሁ፣ ክላሱ ካለቀ በኋላ በኢንቦክስ ስንጠያየቅ ግን ማናችንም አልገባንም። ደሞ ሁሌ መዋሸት አደለም ቲቸር፣ እናንተ ስትጽፉ የምር ይገባኛል፣ ሁሉም መስመር ልክ ነው ሚመስለኝ፣ ብቻዬን ስቀመጥ ነው ሁለተኛው መስመር ላይ ምቆመው። "ምኑ አልገባሽም?" ስትሉኝ ደሞ ምኑ እንዳልገባኝ ባውቅማ ገብቶኝ ነበር።

አንድ አስጠኚ ነበረኝ "የቱ መስመር ላይ ቆምሽ?" ብሎ ነበር ሚጠይቀኝ። እሱን መመለስ እችላለሁ፣ መስመር ሦስት እላለሁ በቃ። ሌላ ደሞ በአማርኛ ያስረዳን ነበር፣ ከ9 ጀምሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዳንዴ ሂሳቡን ሳይሆን ጥያቄውን ነው ማልረዳው፣ "ሬት ኦፍ ቼንጅ" ሲል ምን እያለኝ እንደሆነ ካወቅኩ ቀሪውን እሰራዋለሁ።

ጠመኔ፦

እኔ የድሮ መምህር ነኝ፣ በግልጽ ልናገር፣ በኦንላይን ማትስ ማስጠናት ለጎበዝ ተማሪ ነው እንጂ ለደካማው አይሆንም። ፕላዝማ ሲመጣ ያየነው ነው። መምህሩ ስክሪኑ ላይ ይናገራል፣ ይሮጣል፣ ልጁ አንዱን ሳይጨርስ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ ቁም ብትለው አይቆምም፣ ክፍል ውስጥ ያለነው መምህራን ከስር ከስር ልንደግም ስንል ደወል ይደወላል። ጎበዞቹ ተከተሉት፣ የቀሩት እዛው ቀሩ። አሁን ደሞ ያንኑ በስልክ እያደረጋችሁት እንዳይሆን እፈራለሁ። ማትስ ጠመኔና ሰሌዳ፣ ደብተርና እርማት ይፈልጋል። ወንድሜ ከቻልክ ባጃጁን ታገሰው፣ ለደካሞቹ እንኳ በአካል ሂድላቸው።

መምህርት ከአዳማ፦

ጋሼ ስለ ፕላዝማው ያሉት እውነት ነው፣ እኔም ተማሪ ሆኜ አልፌበታለሁ። ግን የፕላዝማው ችግር ስክሪን መሆኑ ነበር ወይስ የኛን ደብተር ሚያይ ሰው አለመኖሩ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። 70 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥም እኮ መምህሩ በአካል ቆሞ የማንንም ደብተር ሳያይ ክፍለ ጊዜው ያልቃል፣ እኔ ራሴ በየቀኑ ሚያጋጥመኝ ነው፣ ስንቱ ጋ ደርሼ እጨርሳለሁ። በኦንላይን አንድ ልጅ ደብተሩን አሳይቶኝ 45 ደቂቃ ሲሰራ ከክፍሉ ይልቅ በደንብ አየዋለሁ።

ካን አካዳሚን የመሰረተው ሳልማን ካንም እኮ በ2004 እ.ኤ.አ የጀመረው ሌላ ከተማ ያለች አንዲት ዘመዱን በርቀት በማስጠናት ነው፣ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ሚጻፍበት ሰሌዳ ይዞ። ልጅቷ በሂሳብ ደካማ ናት ተብላ ነበር፣ ሲታይ ግን የቸገራት የመለኪያ አሃድ መቀየር ብቻ ነበር። ቪዲዮዎቹ በኋላ ነው የመጡት፣ መጀመሪያ የነበረው ለአንድ ልጅ የት ጋ እንደቆመች እየፈለጉ ማስጠናት ነው።

በአንድ ነገር ግን እስማማለሁ ጋሼ፣ የራሱ ስልክ የሌለው፣ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሚያጠና ልጅ ከሆነ በአካል መሄዱ ይሻላል። የታቦር ልጅ፣ እንደዚህ ያለ ተማሪ ካለህ እሱን በኦንላይን አትያዘው።

ጠመኔ፦

እርማቱ ካለ እኔም አልቃወምም። ደብተር ካልታየ ግን ትምህርት አትበሉት።

የሁለት ልጆች እናት፦

እኔ ከወላጅ በኩል ልናገር። ልጄ በኦንላይን ነው ምታጠናው፣ ሀዋሳ ነን። መጀመሪያ ላይ ማታ ስልክ ይዛ ክፍሏን ዘግታ ስትገባ አላምናትም ነበር፣ እያጠናች ነው ወይስ ቲክቶክ ላይ ናት እል ነበር። እናንተ አስጠኚዎች ይሄን እወቁልን። በ2014 ከተፈተነው ልጅ 50 ፐርሰንት ያመጣው 3.3 ብቻ፣ በ2016 ደሞ 5.4፣ ይሄን ሰምተን ነው ከአስቤዛ ቀንሰን ምንከፍለው፣ ልጁ ምን ላይ እንዳለ ማወቅ እንፈልጋለን።

አሁን ያለችው አስጠኚ በሳምንት አንዴ በቮይስ ታወራኛለች፣ ማርክ ብቻ አደለም ምትነግረኝ፣ "ፍራክሽን ላይ ነው ምትቸገረው፣ በዚህ ሳምንት እሱን ነው ምንሰራው፣ እርስዎ ደብተሯን አንዳንዴ ያሳይዎት" ትለኛለች። እኔ ሂሳብ አልችልም፣ ግን ደብተሩ መጻፉንና አለመጻፉን ማየት እችላለሁ። ደሞ ጥናቱ ሳሎን ነው፣ በሩ አይዘጋም፣ ካሜራው ደብተሩ ላይ ብቻ፣ ለሴት ልጅም እንደዛ ሲሆን ልቤ ይረጋጋል።

ናቹራል 12 ልጄ፣ እናትሽ አልገባኝም ስትይ ብትሰማሽም አትፍሪ። ለአስጠኚሽ ንገሪያትና እሷ ታስረዳልሽ፣ እኛ ስለማናውቅ ነው ምንቆጣው።

የታቦር ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፣ መምህርት እርስዎን በተለይ። የደብተሩን ነገር ትናንት ሞከርኩት፣ ሁሉም እሺ አሉ፣ አንዱ ብቻ ነው ኔትወርኩ ቪዲዮ ማይችልለት፣ እሱ በየጥያቄው ፎቶ ይልክልኛል። ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ፣ (ኤክስ² - 9) ኦቨር (ኤክስ - 3)፣ ኤክስ ወደ 3 ሲሄድ ሚለውን ሊሚት ሰጠኋቸው። ሁለቱ 3ን አስገብተው 0 ኦቨር 0 አገኙና መልሱን 0 ብለው ከስሩ ሰረዝ አድርገው ጨረሱ። አንዷ ፋክተር አድርጋ (ኤክስ - 3)ን አጣፍታ 6 አመጣች፣ ግን "ለምን ማጣፋት ተቻለ?" ስላት "ቲቸር ሁሌ እንደዛ ነው ሚደረገው" አለች። ኤክስ ወደ 3 ይጠጋል እንጂ 3 አይሆንም፣ ስለዚህ በዜሮ እያካፈልን አደለም ሚለውን እስከዛሬ ያስረዳሁ መስሎኝ ነበር፣ እነሱ ጋ ግን አልደረሰም።

አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ። ፈተናው እየደረሰ ነው፣ ወደ አልጀብራ ልመለስ ካልኩ ኢንተግራሉ ሳይነካ ይቀራል ብዬ ሰጋሁ። ሌላው ቼይን ሩል ነው፣ (3ኤክስ² + 1) ፓወር 5ን ዴሪቬቲቭ ሲሰሩ 5 ጊዜ (3ኤክስ² + 1) ፓወር 4 ብለው ያቆማሉ፣ የውስጡን 6ኤክስ ይረሱታል፣ ስነግራቸው ያስታውሳሉ፣ በማግስቱ ይረሳሉ።

መምህርት ከአዳማ፦

አልጀብራውን ለብቻ ሳምንት አትስጠው፣ ጊዜውም የለህም ልጆቹም "ይሄንማ 9ኛ ክፍል ተምረናል" ብለው ይሰላቻሉ። ካልኩለሱ ውስጥ አስገብተህ አሰራው። ሊሚት ስትሰራ ፋክተር ማድረግን ታሰራለህ፣ ኢንተግራል ከመጀመራችሁ በፊት ፓወር ያለበትን ፍራክሽን ወደ ኔጌቲቭ ፓወር መቀየርን፣ ምክንያቱም 1 ኦቨር ኤክስ²ን ኤክስ ፓወር ኔጌቲቭ 2 ብሎ ካልጻፈው ኢንተግራሉን ሊነካው አይችልም። በየክላሱ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያለ ካልኩሌተር፣ ፈተናው ላይም ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ በእጅ መስራቱን ይልመዱት።

ቼይን ሩሉን አስታውሱ አትበላቸው፣ መልሳቸውን ሚያጣሩበት መንገድ ስጣቸው። ያንተን ምሳሌ እንውሰድ፣ ኤክስ ዜሮ ሲሆን ግራፉ ምን ይመስላል በላቸው። ኤክስ የገባው በስኩዌር ስለሆነ ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ትንሹ ቦታም ዜሮ ላይ ነው፣ ስለዚህ እዛ ጋ ስሎፑ ዜሮ መሆን አለበት። አሁን የነሱ መልስ ላይ ኤክስን ዜሮ ያስገቡ፣ 5 ይመጣል። አይሆንም! 30ኤክስ ጊዜ (3ኤክስ² + 1) ፓወር 4 ሲሆን ግን ዜሮ ይመጣል። ጂኦጀብራ ላይ ግራፉን ሥለው ይዩት፣ ነጻ ነው ስልክ ላይም ይሰራል። ሲጀምሩ ደሞ ውስጡን ዩ ብለው ለብቻው መስመር ላይ ይጻፉት፣ ዩ = 3ኤክስ² + 1፣ ከስሩ የዩ ዴሪቬቲቭ 6ኤክስ። መስመሩ ደብተሩ ላይ ከሌለ አንተ ወዲያው ታየዋለህ፣ "የዩ መስመር የታለ?" ትላለህ፣ ሌላ ማስረዳት አያስፈልግህም።

ሌሊት አስጠኚ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ አሜሪካ ያሉ ያበሻ ልጆችን ነው ማስጠናው፣ ኤስኤቲ (የነሱ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) እና ኤፒ ካልኩለስ (ሃይስኩል ሆነው ሚማሩት የኮሌጅ ደረጃ ካልኩለስ)። ብሩ ይሻላል ብሎ ወደዚህ ለመግባት ሚያስብ ካለ ሰዓቱን አስቡበት፣ ልጁ ዋሽንግተን አካባቢ ከትምህርት ቤት መጥቶ በነሱ 4 ፒኤም ላይ ሲቀመጥ በክረምታቸው እኛ ጋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። የነሱ ኤስኤቲ ላይ ደሞ ዴስሞስ ሚባለው የግራፍ ካልኩሌተር ፈተናው ውስጥ አብሮ ስላለ ማስጠናቱ ይለያል፣ የኛን ልጅ በእጅ ታሰራለህ፣ የነሱን መቼ ግራፍ መቼ እጅ እንደሚሻል ታሳያለህ። ችግራቸው ግን ያው የመምህርት ነው፣ ቨርጂኒያ ያለውም ልጅ (ኤክስ + ኤች)²ን ኤክስ² + ኤች² ብሎ ይዘረጋዋል።

ናቹራል 12፦

የዩን ነገር አሁን ሞከርኩት ሰራልኝ። ቲቸር፣ ቪዲዮ መክፈት ማንችለው ፎቶ ስንልክ ግን አይነበብም ይሉናል፣ ምን እናድርግ?

ሀይቅ ዳር፦

ቴሌግራም ላይ በፎቶ ሳይሆን በፋይል አድርገሽ ላኪው፣ በፎቶ ስትልኪው ጥራቱን ይቀንሰዋል። በእርሳስ አትጻፊ፣ ጥቁር ወይ ሰማያዊ እስክሪብቶ ይሁን፣ ፍላሽ አጥፊ ወረቀቱ ያብረቀርቃል፣ ቀን ከሆነ መስኮት ጋ ሆነሽ አንሺው። አንድ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ መስመሮቹን 1፣ 2፣ 3 እያልሽ ቁጥር ስጪያቸው፣ የሳትሽውንም አትሰርዢው እንዳለ ይላክ፣ አስጠኚሽ ሚፈልገው እሱን ነው።